የትኛው ሚግ ነበር

አባቴን ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ ያመጣኋቸው ለዓይን ሞራ ሕክምና ነበር። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ሲያሰናብተን የተደሰትኩት ለዓይናቸው ብቻ አልነበረም። በወጣትነታቸው፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ የአገራችን ገበያ በአውሮፕላን ተደብድቦ ታላቅ ወንድማቸው ሞቷል። በየትኛው አውሮፕላን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ። ስለ አውሮፕላን የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከስልኬ ነው፤ ሁለት ዓይነት ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። ሁለቱም አንድ ሙዚየም ግቢ ውስጥ እንዳሉ ስሰማ፣ ሳንመለስ ላሳያቸው ወሰንኩ።

"ገብሱ ሳይታጨድ ብረት ልታሳየኝ!" እያሉ ተከተሉኝ።

መኪና ውስጥ እግሬ አላርፍ አለ። ግቢው ስንደርስም ቀድሜያቸው እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

"ይኼ ሚግ ሃያ አንድ ነው። አየር የሚስበው በአፍንጫው ነው፤ መሀሉ ላይ ያለችውን ሾጣጣ ይዩአት። ያኛው ሃያ ሦስት ነው፤ ክንፉን ወደ ኋላ ያጥፋል። የትኛው ነው፣ አባባ?"

አባቴ የተነፈሰውን ጎማ አዩ። "ይኼማ ከመካነ ሰላም ከላላ ከተማም አያደርስ!"

የግቢው ጥበቃ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ጭራው ወሰድኳቸው፣ ወደ አፍንጫው መለስኳቸው።

"ክንፉ ምን ይመስል ነበር?"

"አንተ ልጅ፣ ማን ቀና ብሎ አየ? በደረታችን ተኝተን ያየነው አፈር ነው። ድምፁን እንደሆነ አውቀዋለሁ።"

እኔ ያጠናሁት ክንፍና ጭራ ነው። ድምፅን አስቤው አላውቅም። እዚያው ቆሜ ስልኬ ላይ ፈለግሁ፤ ኔትወርኩ እየተጎተተ የሁለቱንም አገኘሁ። የሃያ አንዱን ከፈትኩና እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።

አባቴ ነጩን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው፣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ወሸቁት። ያኔ ነጭ ልብስ ከሰማይ ይታያል ተብሎ ገበያተኛው ሁሉ እንዲህ ያደርግ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። እጃቸው የሠራውን ያወቁ ግን አልመሰለኝም። ዓይናቸው ሣሩ ላይ ነው፤ የሚተኙበትን ቦታ የሚመርጡ ይመስላሉ።

ዘጋሁት።

"ይኼ ነው?"

"አብሽር፣ ምንም አልሆንኩም" አሉ፣ ያልጠየቅኋቸውን። ጋቢውን ግን መልሰው አልለበሱም።

ሁለተኛውንም ማሰማት ነበረብኝ። ለዚያኛውም እንዲሁ ይደነግጡ እንደሆነ ሳላውቅ የመጀመሪያውን እንዴት አምናለሁ? ወንድማቸውን የገደለውን ለማወቅ የቀረኝ አንድ ንክኪ ነው። ጣቴ መስታወቱ ላይ ቆመ።

"ሌላም አለህ?" አሉኝ፣ ጋቢውን ወደ ጎናቸው ጠበቅ አድርገው።

"የለኝም" አልኩና ስልኩን አጥፍቼ ወደ መውጫው መራኋቸው።