ለወገቡ የታዘነለት ባል

ዛሬ ጠዋት እዚህ ጅጋ አንድ ሽማግሌ «ድንጋዩ ትንሽ ይሁንለት፤ ወገቡን ያመዋል» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ሽማግሌው አባቴ ናቸው።

ጎረቤታችንን ባሏ በዱላ ደብድቦ ክንዷን ሰበራት። ፍኖተ ሰላም ሄዳ ታከመች። ከዚያ ወዲህ እናቴ አስጠግታት እኛው ቤት ናት፤ እጇ እስካሁን በጀሶ እንደታሰረ ነው።

ዛሬ ባልየው ሽማግሌ ይዞ ግቢያችን መጣ። እንደ አገራችን ወግ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቃት ነው።

ኩንታል ጤፍ ብቻውን አንስቶ አህያ ላይ የሚጭን ሰው ነው። አባቴ ግን ከአጥሩ ሥር ፈልገው ፈልገው አንዲት ትንሽ ድንጋይ መረጡለት። (እናቴ ነጭ ሽንኩርት የምትወቅጥባት ትበልጣለች።)

ባልየው ድንጋዩን ተሸክሞ ሚስቱ እግር ሥር ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ «ስለ እመቤታችን ብለሽ ይቅር በይው» አሏት።

እሷ ባሏን አላየችውም። ያየችው አባቴን ነው።

«አባባ፣ እኔን ሲመታኝ ወገቡን አላመመውም ነበር?»

ሌላው ሽማግሌ ቀበል አድርጎ «ይኸው፣ አፏ እኮ ነው የሚያስመታት» አለ።

እናቴ ተነሳችና በሩን ከፈተችላቸው። «ልጅቱ የትም አትሄድም። በሰላም ሂዱ።»

ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ። አባቴ «ትዳር አፈረሳችሁ» ብለው አኩርፈዋል። ይህን ሁሉ ቀን ባንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ስለ ክንዷ አንዴም አልጠየቋትም።

በእናንተ አገር ለሽምግልና ተቀምጦ መጀመሪያ ሴቲቱን «የት ላይ ያምሻል?» ያለ ሽማግሌ ታውቃላችሁ? ካለ ጻፉልኝ። ለአባቴ አነብላቸዋለሁ።