ድምፅ የሌለውን የመረጥሁት እኔ ነኝ

ያን ቀን ጥገና ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ ልጄ፣ የባለቤቴ እህት፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው ባለሱቅ፣ ራዲዮናቸውን ሊያሠሩ መጥተው ወንበር የያዙ አንድ የዜማ መምህር። ባለቤቴ አልነበረም፤ ቤት ተኝቶ ነበር። የሄድነው ግን ለእሱ ብለን ነው። ለእሱ ብለን ማለቴ፣ ለእሱ ብዬ።

ልጄ ከዐረብ አገር ስትመለስ ከያዘቻቸው ዕቃዎች አንዱ አሠሪዎቿ የጣሉት የኮምፒውተር ኪቦርድ ነበር። እንደ ጡብ ይከብዳል፤ ፊደሉ በተመታ ቁጥር ቋ ይላል። ደብረ ታቦር ከገባች በኋላ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝታ በእሱ ሥራ ጀመረች። ለተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለገበሬ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ትጽፋለች። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈልነው፤ ለደንበኞቿም በወዲያ በኩል በር አስከፈትንላት። ከወዲያ እሷ ትጽፋለች፣ ከወዲህ አባቷ ይተኛል።

አባቷ ከጉና ድንች ጭኖ ሲወርድ ከበቅሎ ወድቆ ራሱን ከተመታ ወዲህ እንደ ፊቱ አይደለም። ጠዋት ልጅቱ መጻፍ ስትጀምር ጋቢውን ፊቱ ላይ ይስባል። እኔም ድምፁ ነው የሚያመው አልሁ። አልጠየቅሁትም። ሰው አፍ አውጥቶ ሳይናገር ልድረስለት ማለት ዕድሜዬን ሙሉ ያልለቀቀኝ አመል ነው።

እኔ ትምህርቴን ያቆምሁት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ልጄ የምትጽፈውን አጠገቧ ቆሜ ባየው ዓይኔ አይደርስባትም። ጆሮዬ ግን ለምዷት ነበር። የሰው ጽሑፍ ስትገለብጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ አያቋርጥም። ስትሳሳት ማጥፊያውን ብቻ ቋ ቋ ቋ ታደርገዋለች። ከሰው ጋር ስትጻጻፍ ደግሞ ትንሽ ትመታና ዝም፣ ትንሽ ትመታና ዝም ትላለች። አንድ ከሰዓት ይህን የመጨረሻውን ሰማሁና የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ገባሁባት።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከደላላ ጋር» አለችኝ። አልዋሸችም።

ተመልሳ ልትሄድ ነበር። ግራ እጇ አንጓ ላይ የካውያ ጠባሳ ይዛ ወደ መጣችበት አገር ተመልሳ። እንዴት እንደተቃጠለች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ተነሽ እማዬ፣ ትቼዋለሁ፣ ተነሽ በቃ» ብላ አነሣችኝ። ያን ጊዜ የደረሰልኝ ያ ድምፅ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ተሸክሜ ጥገና ቤት የወሰድሁት።

ባለሱቁ ኪቦርዱን ገልብጦ አየው። «እናቴ፣ ይኸ አይጣልም። ከፊደሎቹ ሥር ያለው ስዊች ይነቀልና ሌላ ይተከላል። የሚጮኸው ሰማያዊ ስለሆነ ነው» አለኝ። ከመሳቢያው ቡናማ፣ ቀይና ሮዝ አወጣ። አንዱን ሰማያዊ ትቶ ሦስቱን ከጎኑ ተከላቸውና ያስረዳን ጀመር። ሰማያዊው መሐል ሲደርስ ጠቅ ይላል፣ ይጮኻልም። ቡናማው መሐል ላይ ለጣት ጉብ ይላል እንጂ አይጮኽም። ቀዩ ምንም ሳይዘው ይወርዳል፤ ታች ሲያርፍ ግን ይሰማል። ሮዙ እንደ ቀዩ ነው፤ ውስጡ ላስቲክ ስላለው ሲወርድም ሲመለስም ድምፅ የለውም።

መምህሩ ወንበራቸውን ሳቡ። «እስቲ አንድ በአንድ ምታልኝ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሰማያዊውን መታ። «ይቺ ጸናጽል ናት» አሉ። ቡናማውን መታ። «ይቺ ምንጣፍ ላይ ያረፈች መቋሚያ።» ቀዩን መታ። «ይቺ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ናት።» ከዚያ ዝም ብለው ጠበቁ፣ ጠበቁና «ምታው እንጂ!» አሉት።

«መታሁት እኮ የኔታ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። «እንግዲያ አርምሞ ናት። ይቺስ የመነኩሴ ናት» አሉ።

«መነኩሴማ እንዳትሉብን፣ እኛ ባል እየፈለግንላት ነው» አለች የባለቤቴ እህት።

«መጀመሪያ ለራስሽ ፈልጊ አክስቴ» አለቻት ልጄ።

«እኔማ ሁለት ሞክሬ ሁለቱንም ነቅያለሁ፤ እንደዚህ እንደ ስዊቹ።»

ልጄ እንደዚያ ስትስቅ ከተመለሰች አይቻት አላውቅም። ከዚያ ጎንበስ ብላ አራቱን በየተራ ሞከረቻቸው። ቡናማው ላይ ቆየች። «እማዬ፣ ይኸ ይሁንልኝ። ጣቴ መድረሱን ያሳውቀኛል። ሮዙ ሊጥ ውስጥ ጣት እንደ መክተት ነው፣ መጻፌንም አላውቀው።»

«ይሰማል» አልሁ።

«ኧረ ይኸን ማን ይሰማዋል?» አለች አክስቷ።

ጆሮዬን ጠረጴዛው ላይ ለጠፍሁና «ምቺው» አልኋት። መታችው። «ይኸው ይሰማል። ለጤነኛ ባይሰማ ለታመመ ሰው ይሰማል።»

መምህሩ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሥራ ሲሰማ እኮ ደግ ነው» አሉኝ።

«አንቱ ቤት የታመመ የለም» አልኋቸው። ለሽማግሌ እንደዚያ አይመለስም። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ የተቆጣች አልመሰለችኝም፣ የደከማት መሰለችኝ። «እንዳለችው ሮዙን ትከለው» አለችው። እስከ ቀትር አንድ በአንድ ነቅሎ ተከለና ሰማያዊዎቹን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ይዣቸው ገባሁ።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ ባለቤቴ ከጋቢው ሥር «ዝናቡ ቆመ እንዴ?» አለኝ። በጋ ነበር።

«የምን ዝናብ?»

«የልጅቱ ነዋ።»

ነገርሁት። ጋቢውን ገለጠ። «ማን ቀይሪው አለሽ? እሷን እየሰማሁ እኮ ነው ትንሽ የሚያሸልበኝ።» የሚወጋው በመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ነበር። መስኮቱ ላይ አሮጌ ነጠላ ሰቀልሁ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ መሳብ ተወ። ይህን ያህል ነበር መፍትሔው።

ሄጄ ለልጄ «ሰማያዊውን እናስመልስልሽ» አልኋት። ወደ እኔ ሳትዞር «ተይው፣ ለመድሁት» አለችኝ። ሰው እንደገና ከማስቸገር ተገላገልሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሊጥ ነው ያለችውን በዚህ ፍጥነት ለምን ወደደችው ብዬ አልጠየቅሁም።

የሄደችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከወዲህ በኩል ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ከወዲያ ምንም አይሰማም፤ አለመሰማቱ ደግሞ መጻፏ ነው። ትሪው እንዳይንኳኳ ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር። ማመልከቻ የሰጣት አንድ ገበሬ ከገሳይ መጥቶ ደጅ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወጥቼ አፌ ላይ ጣቴን አደረግሁ። «ቀስ በል፣ እየጻፈች ነው። ከሰዓት ተመለስ» ብዬ ሸኘሁት። ምሳ ሲደርስ ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት። በሩን ስገፋው ኪቦርዱ ሻርፗን ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሻንጣዋ የለም፤ በደንበኞቿ በር ወጥታለች። ባዶ ክፍል ነው ስጠብቅ ያረፈድሁት። የባሕር ዳሩን መኪና ይዛ መንገድ ላይ ያያት ሰው እንዳለ በኋላ ሰማሁ።

ቆይቶ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣ። «ደርሻለሁ። አባዬን አደራ። አታልቅሺ።» የት እንደደረሰች አይልም። ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ፌስታሉን ይዤ ወደ ባለሱቁ ተመለስሁ። «ሰማያዊውን መልስልኝ» አልሁት። «ማን ሊጽፍበት ነው እናቴ?» አለኝ። ክፋት የለውም፤ አያውቅም። መለሰልኝ። ቤት አምጥቼ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ተቀመጥሁና በሁለት ጣቴ ያገኘሁትን ፊደል መታሁ፣ መታሁ። ባለቤቴ ትንሽ ሰማና «ተይው፤ የሷ እንዲህ አይደለም» አለኝ።

ዐረብ አገር ያላችሁ፣ ከዚያም የተመለሳችሁ ሁሉ፣ ስትጽፍ ጣቶቿን የማታይ፣ ግራ እጇ አንጓ ላይ የካውያ ጠባሳ ያላት የደብረ ታቦር ልጅ ያያችሁ እንደሆነ፣ የት አገር እንዳለችና ደኅና መሆኗን ንገሩኝ።