የታጠበው የብረት ቆብ

በየዓመቱ መጋቢት ላይ አሜሪካ ኦሃዮ በሚቆመው የድሮ የጦር ዕቃ ገበያ አንድ ሽማግሌ ከጠረጴዛዬ ቀርተው አያውቁም። ያችኑ «የቬትናም ዘማች» የሚል ጽሑፍ ያለባትን ኮፍያ አድርገው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይመጣሉ። ሜዳሊያ አያዩም፤ ዋጋ አይጠይቁም። የወታደር የብረት ቆብ ብቻ አንስተው ይገለብጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ውስጡን እንደ ጉድጓድ አጎንብሰው ያያሉ።

«አባባ፣ ዘንድሮም ሳይገዙ ሊሄዱ ነው?» አላቸው አጠገቤ የሚሸጠው ዱዌይን።

«እኔ እንኳ ቆቡን አንዴ ጦር ሜዳ አድርጌው ነበር፤ አልተስማማኝም።»

ዘንድሮ ግን ያነሱትን ቆብ ቶሎ አልመለሱትም። የውስጡን ማሰሪያ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ስም አልነበረም? እኛ ስማችንን የምንጽፈው እዚህ ጋ ነበር።»

«አልነበረም» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። «ተመስገን! ስም ያለበት ባገኘሁ ቁጥር የማን ልጅ ይሆን፣ ቤቱ ገብቶ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። እዚያም ሌላ ቆብ ገለበጡ።

የእኔው ቆብ ስም ነበረበት። ንጹሕ ዕቃ ቶሎ ይሸጣል ብዬ ባለፈው ቅዳሜ በአልኮል ፈትጌ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ተከትያቸው ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው ብል እንኳ፣ «ማን ይባላል?» ቢሉኝ ስሙን አላውቀውም። ሳላነበው ነው ያጠፋሁት።