የስምንተኛ ክፍል ቴአትር

ከከዚራ ሰፈር ማዶ በነበረው ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር፣ አብዛኞቹ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነበር የሚናገሩት። አንብቡ ስላቸው ያቀረቅራሉ። በሚኒስትሪ ፈተና ከከተማው ትምህርት ቤቶች ሁልጊዜ መጨረሻ የምንወጣው እኛ ነበርን። ቢጨንቀኝ ስለ አንድ የገበያ ጠብ ቴአትር ጻፍኩና “ቃሉን አንብቦ ያላጠና መድረክ አይወጣም” አልኳቸው።

ማንበብ ጀመሩ። ከሁሉም ደካማው፣ ከገጠር፣ ከጀልዴሳ መጥቶ አክስቱ ቤት የሚኖር፣ በዕድሜ ከጓደኞቹ የሚበልጥ ልጅ ነበር። ጠቡን የሚፈታውን ዳኛ ሆኖ እንዲጫወት መረጥኩት። አንድ ቀን “ቲቸር፣ አሁን እኮ ጋዜጣም አነባለሁ፣ አቦ!” አለኝ።

ቴአትሩ ሊታይ አራት ቀን ሲቀረው ልጁ ቀረ። ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ሁርሶ ማሠልጠኛ መግባቱን አክስቱ መጥተው ነገሩኝ።

“ደብተሩን ምን ላድርገው?” አሉኝ።

“ያስቀምጡለት” አልኳቸው። እንባ አልመጣልኝም። ክፍል ገብቼ “የዳኛውን ቃል ማን ያውቃል?” ስል ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ። ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ መረጥኩ።

ቴአትሩ ታየ፤ ወላጆች አጨበጨቡ። በዚያ ዓመት ብዙዎቹ ሚኒስትሪን አለፉ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርተው “ትምህርት ቤቱን እኮ አዳንሽው!” አሉኝ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቅ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ለከርሞ ሌላ ቴአትር እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ጻፍኩ። የልጁን ወሬ ግን አልሰማሁም። የአክስቱ ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ሄጄ አልጠየቅኩም።