ውርጭ ጆሮውን የበላው ሰንጋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ስንት ይመጣል? በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ሳጠና፣ ይህን የሚመልስልኝ መጽሐፍ አንድ ቀን እጄ ይገባል ብዬ አስብ ነበር። አልገባም። ወደ ነብራስካ፣ ወደ አባቴ እርሻ ተመልሼ በወረዳችን የእርሻ ትርኢት ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ከብት ስመዝን ግን ጥያቄውን እንደገና የሚቀሰቅሱብኝ ሰዎች አጋጠሙኝ። አንዷ ዊልማ ክራል ናት። ባለፈው የካቲት ቀበርናት። ቄሱ "ትጉህ ሴት ነበረች" ብለው በሦስት ቃል ጨረሷት። አልዋሹም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ ቃላት ውስጤ አልረጋ አሉኝ።

ዊልማ የኤሚል ክራል ልጅ ናት። ኤሚል በከተማው ጎተራ ውስጥ እህል የሚያራግፍ፣ የራሱ መሬት የሌለው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ነበር። በእኛ አገር ልጅ ሰንጋ አሳድጎ ነሐሴ ላይ በትርኢቱ ሜዳ ለዳኛ ካላሳየ፣ ልጅነቱ የሆነ ነገር ጎድሎታል ይባላል። ዊልማ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ትርኢቱ ላይ አልጠፋችም፤ ግን ከአጥሩ ውጭ ነበረች። የሌሎችን ልጆች ሰንጋ በአንድ ዶላር ታጥባለች፣ ጸጉሩን ታበጥራለች፣ ከዚያ ገመዱን ለባለቤቱ አስረክባ ከአጥሩ ላይ ተደግፋ ታያለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ወደ ሜዳው አይገባም። ስለዚህ በአንድ መከር፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ የቀራት አንድ ነሐሴ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በከብት ጨረታ ቤቱ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፤ ኬክ ትቆርሳለች፣ ቡና ትቀዳለች። ከዚያ ያጠራቀመችውን መቶ ስልሳ ዶላር ይዛ ወደ ሃርላን ቦስዌል ግቢ ሄደች። ቦስዌል ለትርኢት የሚሆን ጥጃ በማርባት የታወቀ ነው፤ ከስድስት መቶ ዶላር በታች የሚሸጠው አልነበረውም። እኔ በዚያ ቀን ድርቆሽ ልገዛ ሄጄ ስለነበር የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከግቢው ጥግ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ አንድ ቀይ ጥጃ ቆሟል። መጋቢት ውስጥ በበረዶ ማዕበል የተወለደ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቹ ከግማሽ በላይ በውርጭ ረግፈዋል፤ ጭራውም አንድ ክንድ አይሞላም። ዊልማ ቆማ ጀርባውን አየች፣ ወደ ኋላው ዞራ ጭኑን አየች፣ ከዚያ፣

"ይሄ ስንት ነው ሚስተር ቦስዌል?" አለች።

"የትኛው? እሱማ የሚታይ አይደለም ልጄ። ለሥጋ ነው የያዝኩት።"

"ለሥጋ ከሆነ ዋጋ አለው ማለት ነው።"

ቦስዌል ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። "ሁለት መቶ ሃምሳ።"

"ጨረታ ቤት ቢወስዱት መቶ ሃምሳ አያወጣልዎትም።"

"ማን አለሽ?"

"ጆሮ የሌለው ከብት ሲገባ ገዢዎቹ በሙሉ ወደ ቡናቸው ያጎነብሳሉ። ቡናውን የምቀዳላቸው እኔ ነኝ። መቶ ስልሳ ይዣለሁ፤ ጭነው መሄድም አይጠበቅብዎትም።"

አጥሩ ላይ የተቀመጠው የቦስዌል ልጅ ክሬግ ሳቁን ለቀቀው። "ዊልማ፣ ሰንጋ ነው ወይስ በርሜል የምትገዢው? ዳኛው ፊትና ኋላውን እንዴት ይለየዋል?"

"ዳኛው ጆሮ አይበላም" አለች፤ ዞራም አላየችው። ገንዘቡን ዘረጋች። ቦስዌል ቆጥሮ ተቀበላት። ሲቀበላት የተናደደ መሰለኝ፤ በልጅቷ ይሁን በራሱ አላወቅኩም።

እንግዲህ ጥጃው ዱር አደግ ነበር፤ ገመድ ሲያይ አጥር ይሰብራል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ጥጃ የሚያሠለጥነው አህያ ነው። የአህያና የጥጃ አንገት በአጭር ገመድ ይታሰራል፤ አህያው ውኃ ሲያምረው ወደ ገንዳው ይሄዳል፤ ጥጃው ወደደም ጠላ ይከተላል። በአሥር ቀን ውስጥ ገመድ ማለት መሄድ እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ወዲያው መፍታት ነው። የዊልማ ጎረቤት ኦርቪል ዘለር ሴናተር የሚባል አህያ ነበረው፤ አዋሳት። "ምንም አይሠራም፣ ግን ሁሉን ሰው ያስከትላል፤ ለዚህ ነው ስሙ" ይል ነበር።

ዊልማ ግን በጊዜው አልፈታችውም። ትምህርት ቤት አለ፣ ጨረታ ቤት አለ፣ አባቷ በዚያ የበረዶ ወራት ወገቡን ታሞ ተኝቷል። ሁለቱ አብረው ሲበሉ ሲጠጡ እያየች፣ ጥጃው ገራም ሆነልኝ ብላ ተዘናጋች። ሚያዝያ ላይ ገመዱን ፈታች። ጥጃው አሁን ሰባት መቶ ፓውንድ ይመዝናል። ጎተተችው። ተኛ። አስነሥታ ጎተተችው። እንደገና ተኛ። ሴናተር ሲራመድ ተነሥቶ እንደ በግ ከኋላው ሄደ። ለካ ጥጃው የተማረው ገመድን መከተል አልነበረም፤ አህያውን መከተል ነው።

ወሬው በጨረታ ቤቱ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ቡና ስትቀዳላቸው፣ "ዊልማ፣ ዘንድሮ አህያውን ነው አሉ ለዳኛ የምታሳዪው?" ይሏታል። "ለአህያውም የሽልማት ሪባን ይገዛለት እንዴ?" እሷም "ስኳር ስንት?" ብላ ታልፋቸዋለች።

አባቷ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ "ልጄ፣ ሽጪው። የሞከርሽው ይበቃል" አላት።

"አባዬ፣ አህያ የቻለውን እኔ ካልቻልኩ ተሸጬ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ።"

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን እንደገና አስራ፣ በርሜል ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አየቻቸው። ከዓመታት በኋላ ያየችውን ስትነግረኝ እንዲህ አለች፦ "አህያው አንድም ጊዜ አይጎትትም። ትከሻውን የጥጃው ትከሻ ላይ ይጥልና ይራመዳል። ጥጃው ከቆመ እሱም ይቆማል። ግን ወደ ጥጃው አያይም። ሌላ ጉዳይ ያለው ይመስል ሌላ ቦታ ያያል።" ብዙ መጻሕፍት ስለ ትዕግሥት አንብቤያለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ግን የለም።

በማግስቱ አህያውን መለሰችና ቦታውን ራሷ ያዘች። ጎህ ሲቀድ ትከሻዋን ትከሻው ላይ ታስደግፋለች፤ ትጠብቃለች፤ ዓይኗን ሐዲዱ ላይ ትተክላለች። ስም አላወጣችለትም፤ "አንተ" ነበር የምትለው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት እርምጃ ሄደላት። በሁለተኛው ረገጣትና የእግሯን አውራ ጣት ጥፍር አጣች። ሰኔ ሲጋመስ እስከ መንገዱ ዳር ፖስታ ሳጥን ደርሰው ተመለሱ። ኦርቪል ከበረንዳው ሆኖ፣ "ሴናተር ጡረታ ወጣ!" ብሎ ጮኸ።

ነሐሴ ገባ። እኔ ጋ ሲመዘን አንድ ሺ ሰማንያ ፓውንድ ሆነ፤ ከአንድ ሺ በታች የሆነ አይገባም። አንዳንዱ ሰው ጭራው ላጠረ ሰንጋ ሰው ሠራሽ ጭራ ያስርለታል፤ ክሬግም አንዱን ይዞ መጥቶ፣ "እንኪ፣ በውሰት" አላት። ማፌዙ ይሁን ማዘኑ አላስታወቀም።

"ለራስህ ያዘው" አለችው። "የኔ ያለው ይበቃዋል።"

አሥራ አንድ ሰንጋ ሜዳውን መዞር ጀመረ። ሌሎቹ ከሰንጋው ራስ ፊት ቀድመው ገመድ ይስባሉ፤ እሷ ብቻ ከትከሻው ተለጥፋ ትሄዳለች። ግማሽ ዙር ላይ ከበጎቹ በረት በኩል የድምፅ ማጉያው ጮኸ። ሰንጋው ቆመ። ከኋላው ያሉት አምስቱም ቆሙ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

"አህያውን ጥሩላት!" አለ አንዱ ከአጥሩ።

ዊልማ አልጎተተችም። ትከሻዋን ጣለችበትና ፊቷን ወደ ሎሚ ጭማቂ ሻጩ አዙራ፣ ጭማቂ የሚገዛ ሰው መስላ ቆመች። ዳኛው ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ዓመት ነበር። ከዚያ ሰንጋው ከረጅም እንቅልፍ እንደነቃ ራሱን ነቀነቀና ተራመደ።

ዳኛው ከሌላ ወረዳ የመጣ ረጅም ሰው ነው። ሲደርስባት የሰንጋውን ጎድን ዳሰሰ፤ ጀርባውን በመዳፉ ተጫነ።

"ጆሮው የት ሄደ?"

"መጋቢት ላይ ቀረ፣ ጌታዬ።"

ዳኛው ሳቁን ዋጠ። "ጀርባው ግን እዚህ አለ" ብሎ አለፈ።

ሦስተኛ ሆነች። የክሬግ ሰንጋ አንደኛ። ለዊልማ ሰማያዊ ሪባን ተሰጣት። ከእሷ በላይ የወጡት፣ ወይን ጠጁን ሪባን ያገኙት ሁለቱ ናቸው ወደ ማታው ጨረታ የሚገቡት፤ እዚያ የከተማው ነጋዴዎች ልጆቹን ለማበረታታት እጥፍ ይከፍላሉ። የእሷ ሰንጋ በተራ ገበያ ዋጋ ለቄራ ሄደ። መኪናው ላይ የሚያወጡት ሰዎች ዱላ ሲያነሡ፣ "ተዉት" አለችና ትከሻዋን ሰጥታው እስከ ውስጥ ድረስ አብራው ገባች። ብቻዋን ስትወጣ ፊቷ ደረቅ ነበር። ሸሚዟ ግን ከትከሻው በላብ ርሷል፤ የማን ላብ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ ለሚቸኩል ሰው አጭር ነው። አላገባችም። የጨረታ ቤቱን ወጥ ቤት ተረክባ አርባ ዓመት ያህል አስተዳደረች። ነገር ግን በየመከሩ ገንዘብ ያጠረው አባት ልጁን ይዞ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ይላል። ዊልማ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ "አሥራ አራተኛው በረት፣ ዓይኑ ላይ ጠባሳ ያለው። ሁለት መቶ ሲደርስ አቁሙ" ትላለች። ዘግይቶ የተወለደውን፣ የተቧጨረውን፣ ጆሮ የሌለውን እየመረጠች ትሰጣቸዋለች። ቆጥሬአቸው ነበር፤ አርባ ሦስት ልጆች በእሷ ምርጫ ወደ ሜዳ ገብተዋል። አብዛኞቹ መጨረሻ ወጥተዋል። የሚፎካከሩት የዛሬ የትርኢት ጥጃ ዋጋ የአንድ አሮጌ መኪና ያህል ሆኗልና።

ስለዚህ በየዓመቱ ጥር ላይ እኔም ወዳለሁበት የትርኢቱ ኮሚቴ ትመጣ ነበር። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ከጨረታ ቤት በተራ ገበያ ዋጋ ለተገዙ ሰንጋዎች የራሳቸው ምድብ ይከፈት። ሊቀመንበሩ አሁን ክሬግ ቦስዌል ነው፤ ሸብቷል።

"ዊልማ፣ ሰው የውሸት ደረሰኝ ያመጣል" ይላታል።

"ዋጋቸውን እኔ አውቃለሁ። መስኮቴ ጨረታው ላይ ነው የሚከፈተው።"

"አንቺ ደግሞ ዘላለም አትኖሪም።"

"ለዚያ እኮ ነው ዘንድሮ የምለምነው።"

በመጨረሻው ጥር፣ ከመሞቷ ወር ሲቀረው፣ መምጣት አልቻለችም፤ ሳንባዋ እምቢ ብሏት ነበር። በጨረታ ቤቱ የሂሳብ ወረቀት ጀርባ ጽፋ ላከች። ክሬግ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "አንድ ምድብ ብቻ። ሪባኑን እኔ እገዛለሁ። አንድ ልጅ እንኳ ከተመዘገበ ይበቃል።" ከዚያ የሚደግፍ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ስምንት ሆነን ተቀምጠናል። የክፍሉ ማሞቂያ ይንጎደጎዳል። እኔ ፊቴ ያለውን ወረቀት አየሁ፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን። ማንም እጁን አላነሣም፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጥገና አለፍን።