አህያ ብቻ የሚሰማው ፊሽካ

ንጋት 11፡30፣ ሸማ ተራ

ገና አልነጋም፤ መርካቶ ግን መጮህ ጀምራለች። ጋቢና ነጠላ የሚያከፋፍሉት ጎረቤቴ ጋሽ ሽኩር ፒካፓቸውን ጭነው ለቡታጅራ ገበያ ሊነሱ ነው። እኔም ዘመድ ልጠይቅ ከጎናቸው ገባሁ።

አምና በዚሁ መንገድ የአንዲት እናት አህያ ገጭተው ገድለዋል። ሴትየዋ ፊት "ሁለተኛ እንስሳ አልገጭም" ብለው ምለዋል። ትናንት ታዲያ ከዱባይ ተራ መድኃኒቱን አገኙ፦ ፓራውልት ላይ የሚለጠፉ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ፊሽካዎች። መኪናው ሲፈጥን ነፋስ ገብቶባቸው ያፏጫሉ፤ ሰው አይሰማቸውም፣ እንስሳ ግን ሰምቶ ይሸሻል ተብሏል። ምስክሩ አህያ ብቻ የሆነ ዕቃ መሸጥ እንዴት ደስ ይላል!

12፡30፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ቆመናል። ፊሽካው ካልፈጠኑ አይሠራም፤ እዚህ የሚፈጥኑት ደግሞ ጆንያ ተሸክመው የሚያልፉን አህዮች ብቻ ናቸው።

ረፋድ 3፡30፣ ቡታጅራ ሊደረስ ሲል

መንገዱ መሃል አንዲት አህያ ቆማለች። ጋሽ ሽኩር አልቀነሱም። "ትሰማለች" አሉኝ። ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ስጮህባቸው ፍሬን ያዙ፤ ልትገጭ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆምን።

ከአጥር ውስጥ አንዲት ሴት ሮጠው ወጡ። የአምናዋ ሴትዮ ናቸው። የአህያዋን አንገት አቅፈው ጋሽ ሽኩርን አዩዋቸው።

"ይህችኛዋንም ልትወስዳት ነው?"

እኔ ጎንበስ ብዬ ፊሽካዎቹን አየሁ፤ ከፋብሪካ የተጠቀለሉበት ላስቲክ አፋቸውን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ሶፋውን፣ ሪሞቱን፣ የመኪና ወንበሩን ከነላስቲኩ የምናስረጅ ሰዎች ነን፤ ነፋስ ምን ቀዳዳ አግኝቶ ይግባ? ልቀደው እጄን ስሰድ ጋሽ ሽኩር ያዙኝ።

"ተው፣ ይቧጨራል።"

አፈርኩባቸው። እሳቸውም የሴትየዋን ዓይን ሲያዩ አፈሩ መሰለኝ፤ እጄን ለቀቁኝ፣ ላስቲኩን ግን አልነኩትም።

ከሰዓት 10፡00፣ መርካቶ

ስንመለስ በሠላሳ ነዱ። አህያ ባዩ ቁጥር አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "መጭ!" ይላሉ፤ አህዮቹም እንደ ልማዳቸው ዞር ይላሉ። አንዲትም አልተነካች።

ሸማ ተራ ስንደርስ ነጋዴው ከበበን። ፊሽካው ሠራ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ሽኩር አፋቸውን ከፍተው መለሱ፤ ድምፃቸው ግን መንገድ ላይ አልቆ ስለነበር ከመካከላችን አንድም ሰው አልሰማቸውም።