በመድኃኔዓለም የገዘትኩት ብረት

ብረቱ ክረምቱን ሙሉ ጎታው ሥር ተቀምጦ ከረመ። በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ የበግ ጭንቅላት ያክላል። ጠዋት ቤት ስጠርግ ዙሪያውን ነው የምጠርገው። ገብስ ልሰፍር ጎንበስ ስል አውራ ጣቴን ይመታኛል። በመታኝ ቁጥር መጀመሪያ እሱን እሰድበዋለሁ፣ ቀጥዬ ልጄን፣ መጨረሻ ላይ ራሴን። እዚያ እንዲቀመጥ ያደረግኩት እኔ ነኛ።

የመጀመሪያ ልጄ ፒካፕ አለው። አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ግን ደህና ነው። ከኛ መንደር፣ ከጓሳው ዳር፣ እስከ መሐል ሜዳ ሰውና ጭነት ያመላልስባታል። ገብስ ይጭናል፣ በግ ይጭናል፣ ድንች ይጭናል፤ ሕመምተኛም ሐኪም ቤት ያደርሳል። በበጋ ችግር የለም። ክረምት ሲገባ ግን መንገዳችን ዋልካ ነው፤ የረገጠውን ይዞ አይለቅም። "ልጅሽን ጭቃ ይዞታል" የሚለኝ ሰው ሳይመጣ ያለፈ ሳምንት አላውቅም።

ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ያንን ብረት ይዞ መጣ።

"ሎክ ነው" አለኝ። "ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይገባል።"

ዲፈረንሻል የሚሉት ከኋላ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለችውን ድብልብል ነገር ነው። እንዲገባኝ ብሎ መኪናዋን ከኋላ በክሪክ አንሥቶ፣ ሥሯ ግንድ አስገብቶ፣ ሁለቱንም ጎማዎች አየር ላይ አንጠለጠላቸው።

"ነይ እማዬ፣ ይችን አዙሪያት።"

አዞርኩ። እኔ ወደ ፊት ሳዞር ማዶ ያለው ጎማ ወደ ኋላ ዞረ።

"እነዚህ ተጣልተዋል እንዴ?" አልኩት።

"አልተጣሉም። አሠራሩ ነው። ጭቃ ላይ ግን አንዱ ሲንሸራተት ጉልበቱ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። ደረቅ የረገጠው ቆሞ ያያል።"

"ጉልበቱ ለሰነፉ ነው የሚሰጠው?"

"ለሰነፉ።"

"እንግዲህ እንደኛ ቤት ነዋ።"

አባቱ ደጃፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። "እኔ በቅሎ እንጂ መኪና አላውቅም፤ አታስገቡኝ" አለ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የተናገረው ይኸው ብቻ ነው።

"ሎኩ ሁለቱን ይቆልፋቸዋል" አለኝ ልጄ። "አንዱ ከዞረ ሌላውም ግድ ይዞራል። ከየትም ጭቃ ትወጣለች።"

ያስፈራኝ ይህ "ከየትም" ያለው ነው። ከየትም የሚወጣ ሰው የትም ይገባል። ልጄን ደግሞ አውቀዋለሁ። ጭቃ ባይዘው የማይሄድበት ቦታ የለም።

ከመንደራችን ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ ሸርተቴ የምንላት ቦታ አለች። መንገዱ ወደ ገደሉ አዘንብሏል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በላዩ ነው የሚያልፈው። ካቻምና ክረምት የሌላ አገር ሰው መኪና በግ እንደጫነች ከዚያ ወረደች። ሹፌሩ ዳሌውን ተሰብሮ ተረፈ። በጎቹን ከቋጥኝ መሃል የለቀምነው እኛ ሴቶቹ ነን። አብሮት የነበረው ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ "ሎክ ነበራት፤ የኋላ እግሮቿ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሸሹ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፈረስ እንኳ አንድ እግሩን ሲያድጠው በሌላው ይይዛል። ሁለቱን አስረህ ድጥ ላይ ብትነዳውስ? ይህን ብነግረው፣ "እማዬ፣ መኪና ፈረስ አይደለም" ይለኛል። ገደሉ ግን ለፈረሱም ለመኪናውም ያው ነው።

ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን።

"ሁሉም ሹፌር አስገብቷል።"

"ሁሉንም እኔ ወልጃቸዋለሁ?"

"ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል፣ እማዬ!"

"ቁጠራውን ለኔ ተወው፤ ያማጥኩት እኔ ነኝ።"

በሦስተኛው ቀን ቁልፉን አንሥቶ፣ "ነገ ጠዋት ጋራዥ አስገባታለሁ፤ በቃ" ሲለኝ አፌ ቀደመኝ።

"በመድኃኔዓለም ገዝቼሃለሁ! ያንን ብረት ብታስገባባት!"

ባሌ እንኳ ከጋቢው ውስጥ ብቅ አለ። እርግማን ቢሆን ሲውል ሲያድር ይበርዳል፤ ግዝት ግን ካህን ካልፈታው በቀር እንዳለ ይኖራል። ልጄ ትንሽ አየኝና "እሺ" አለ። ብረቱን ከመኪናዋ አውርዶ ጎታው ሥር አስቀመጠው።

ያ እሺታው አናደደኝ። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሎክ ትንፍሽ ያለበት ቀን የለም። ግን ጉዞውን መች ተወ? ክብደት ይሁናት ብሎ ከኋላ ድንጋይ ይጭናል። ወጣቶቹን ጭነቱ ጫፍ ላይ አቁሞ ያስዘልላቸዋል። ጎማ ላይ ሰንሰለት ይጠመጥማል፣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ሊፈልገው ጭቃ ውስጥ እስከ ክንዱ ይገባል። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነበር፤ አሁን አምስት ሆነልኝ። እሱ ግዝቴን እያከበረ፣ እኔ እያረርኩ ሐምሌ አለፈ።

ፍልሰታ ውስጥ እህል ላስፈጭ አብሬው ወጣሁ። እንደ ዕድል ሸርተቴን በሰላም አለፍናት። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ፣ ገደል በሌለበት፣ ልጅ በሚቦርቅበት ሜዳ ላይ ጭቃ ያዘን። ሁላችንም ወረድን። ልጄ መሪውን ለአንድ ተሳፋሪ ሰጥቶ ራሱ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ይጎዘጉዛል። ሰውዬው ነዳጁን ረገጠው። ጎማው ዞረ፤ ድንጋዩ ተፈናጥሮ የልጄን ቅንድብ መታው።

ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። የጠፋ መስሎኝ ጮኽኩ። በነጠላዬ ጠርጌ ሳየው ዓይኑ ደህና ነው፤ የተተረተረው ከላይ ነው። አንድ የገብስ ነጋዴ ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ፣

"አንተ ደግሞ! ያንን ሎክ የሚሉትን ለምን አታስገባባትም? የሞላሌ ሹፌሮች ሁሉ አስገብተው ይሄው ይከንፋሉ" አለው።

"ገና አልመጣልኝም" አለ ልጄ።

አልመጣልኝም! ጎታው ሥር አይደለም እንዴ ያለው? ዓይኑን እንኳ ወደኔ አላዞረም። "እናቴ ገዝታኝ ነው" ቢል ኖሮ ተሳፋሪው ሁሉ ይፈርድብኝ ነበር፤ እሱን እችለዋለሁ። መሸፈኑን ግን አልቻልኩትም።

መሐል ሜዳ ቅንድቡን አሰፍቶ ሲያርፍ፣ እኔ እህሌን ወፍጮ ቤት ጥዬ ልጄ መኪናውን የሚያሠራበት ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ አየኝ፤ ከኋላዬ የሚከተል ወንድ ይኖር እንደሆነም አየ።

"እማማ፣ ማን ልኮዎት ነው?"

"ፍርሃቴ። ስለ ሎክ ልጠይቅህ ነው። መንገዱ ወደ ገደል ካዘነበለ ምን ያደርጋል?"

ሊስቅ ነበር፤ ተወው። "ይሄንን ሹፌሮቹ እንኳ አይጠይቁኝም" አለ። "ሁለቱ ሲቆለፉ ባንድነት ይዞራሉ፤ ድጥ ላይ ከሆነ ባንድነት ይሸሻሉ። ካልተቆለፉ አንዱ ሲሸሽ ሌላው እንደ ምንም ይይዛል።"

ፈረሴን ተናገረልኝ። ተቀምጬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

"ታዲያ ለልጄ፣ ለዚያች አሮጌ ፒካፕ ባለቤት፣ ለምን አትነግረውም?"

"ነግሬዋለሁ እኮ! የገዛው በራሱ ጊዜ የሚቆልፈውን ነው፤ ያ ሹፌር አያዘውም። ከጋቢና በማብሪያ የሚታዘዝ አለ። ጭቃው ላይ ሲጫኑት ይቆልፋል፣ ሸርተቴ ላይ ሲያጠፉት ይከፍታል። ሲቆለፍ ቢጫ መብራት ይበራል። 'ይሄ ውድ ነው፣ ያኛው ይበቃኛል' አለኝ።"

"ማጥፋቱን ቢረሳስ?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጠረገ። "ቢረሳማ፣ እርስዎ እንደፈሩት ነው።"

ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ያ ልጅ "ከየትም ትወጣለች" ያለኝ! እኔ ደግሞ ምኑንም ሳላውቅ በታቦት የገዘትኩ! ማንኛችን የበለጠ ሞኝ እንደሆንን እየመዘንኩ አገሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

"ግዝት ይፍቱልኝ፣ አባ።"

"ማንን ገዘትሽ?"

"ልጄን። መኪናው ላይ ብረት እንዳያስገባ።"

"ብረቱ ምን አደረገሽ?"

ነገርኳቸው። ስለ ሰነፉ ጎማ፣ ስለ ማብሪያዋ፣ ስለ ቢጫዋ መብራት። ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ።

"እና አባ፣ ማብሪያ ላለው ይፍቱልኝና ማብሪያ ለሌለው እንደታሰረ ይቆይልኝ።"

"ስትገዝቺ ማብሪያ ያለው የሌለው ብለሽ ለይተሻል?"

"አልለየሁም። አላወቅሁማ።"

"ያላወቅሽውን ለምን ገዘትሽ?"

ሳምንት ሙሉ አርባ አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴን እያወቁ። ከዚያ መስቀላቸውን አወጡ። "እግዚአብሔር ይፍታ" ብለው ሲያሳልሙኝ በዚያው አፋቸው፣ "ይፍጠን በዪው። ሐምሌ ላይ እኔም ገፍቻታለሁ፤ ቀሚሴ እስካሁን አልጠራም" አሉኝ።

ልጄ ያኛውን መልሶ፣ ገንዘብ ጨምሮ፣ ማብሪያ ያለውን አስገባ። ግዝት ቢፈታም ሕግ አወጣሁበት። ሸርተቴ ሲደርስ ይቆማል፣ ያጠፋል፣ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ በእግሩ ያልፋል። "እሺ" አለ፤ አሁንም ያው እሺ።

መስከረም ገብቶ ዝናቡ ገና አላቆመም ነበር፤ መጀመሪያ ቀን ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከመንደር መውጫው ላይ ያለችው፣ ሁልጊዜ ግማሽ ቀን የምታስቆመን ማጥ ላይ ሲደርስ ማብሪያዋን ተጫናት። ቢጫዋ በራች፤ መኪናዋም እንደ ጥማድ በሬ ጎትታ ወጣች። ተሳፋሪው አጨበጨበ። ልጄ በተሰፋ ቅንድቡ ዞሮ አየኝ፤ እኔ መንገዱን አየሁ።

ሸርተቴ ደረስን። ቆመ። ሁሉም ወረደ፤ አባም ለገበያ ወጥተው ነበርና ወረዱ።

"ውረጂ እንጂ እማዬ። ሕጉ ያንቺ ነው።"

"ሕጉ ለሰው ነው። እኔ መብራቷን ነው የማይ። አልጠፋችም!"

"አጥፍቻታለሁ!"

"ይቺውና! ቢጫ አይደለችም?"

ማብሪያዋን አየ፤ እውነትም አጥፍቷታል። መብራቷ ግን እንደበራች ናት። "አንዳንዴ ቶሎ አይለቅም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ስል ይለቃል" አለ፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አለ። ጠፋች። ካልጠፋች ኖሮ ሊያልፍ ነበር ወይስ አልነበረም? እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም።

መሃሉ ላይ ስንደርስ አንዱ ጎማ በባዶ መዞር ጀመረ። መኪናዋ ቆመች። አልሸሸችም፤ አልሄደችም።

"አየሽ!" መሪውን መታው። "አንድ ጊዜ ብጫናት እኮ ውልቅ ትላለች!"

እጁ ወደ ማብሪያዋ ሲሄድ በእጄ ሸፈንኳት።

"አንሺ እማዬ።"

"አላነሣም።"

"ታዲያ ለምን አስገባሁት?"

"ለማጡ። ለዚህ አይደለም።"

ወረደና አካፋ አነሣ። ሰዉ ተመለሰ፤ ድንጋይ የሚለቅም፣ ጭድ የሚጎዘጉዝ፣ ከላይ በኩል ገመድ የሚይዝ። አባ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ በሹፌሩ መስኮት በኩል መጡ።

"ይህን ነገር ፈትቼልሽ አልነበር?"

"ፈትተውልኛል፣ አባ። እዚህ ጋ ግን ይግፉልኝ።"

አጉረመረሙ፤ ገፉ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ድረስ ተቆፈረ፣ ተጎዘጎዘ፣ ተገፋ። ልጄ ተመልሶ ገብቶ ነዳ፤ እኔ ገደሉ ባለበት በኩል ስለተቀመጥኩ ወደ ውጭ አላየሁም። እጄን ከማብሪያዋ ላይ ያነሣሁት ማዶ ደረቁ መሬት ላይ ስንደርስ ነው። ደንዝዞ ነበርና ጣቶቼን አንድ በአንድ የዘረጋልኝ እሱ ነው።